እትዬ ከዚያ በፊትስ እና የእኔ ጉሮሮ

እንደ ልቤ እንዳልማረር የሚያደርገኝ ሰው ገጥሞኝ አያውቅም የሚል ካለ፣ ወይ ገና ሕፃን ነው ወይ ብቻውን የሚኖር ነው። የቀረነው ሁላችንም አንድ አንድ አለን። በየመሥሪያ ቤቱ አንድ፣ በየሰፈሩ አንድ፣ ዕድል በጎደለው ቤተሰብ ደግሞ ሁለት አይጠፋም። "ልጄ ብርጭቆ ሰበረ" ስትሉት "ውይ!" አይልም፤ "ከዚያ በፊትስ?" ይላል። "ጎረቤቴ ሰላምታ ነፈገኝ" ስትሉት አሁንም "ከዚያ በፊትስ?" ይላል። ነገሩን ወደ ኋላ ስትቆጥሩ፣ ስትቆጥሩ፣ ብርጭቆውን ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ያስቀመጣችሁት እናንተው ራሳችሁ ሆናችሁ ትገኛላችሁ። እንዲህ ያለውን ሰው ሐሜት ላይ የሚጠራው የለም።

የእኔዋ ክብርት እትዬ ከዚያ በፊትስ ይባሉ ነበር። መታወቂያቸው ላይ ያለው ስም ሌላ ነው፤ ነገር ግን ከመጡ በሁለተኛው ሳምንት ያን ስም የሚያስታውሰው መታወቂያው ብቻ ነበር።

ያኔ ሠላሳ አራት ዓመቴ ነበር። ከከተማው ዳር ያለ የፈረስ ግልቢያ ትምህርት ቤት ውስጥ የጋጣው አለቃ ነበርኩ። አሥራ ዘጠኝ ፈረስ፣ አራት ሠራተኛ፣ አንድ አለንጋ እና አንድ በደንብ የተበጠረ ሪዝ በሥሬ ያድሩ ነበር። ፈረስ ማወቅ ማለት ፈረስን ማሸነፍ ማለት ነው ብዬ አምን ነበር። አባቴም እንዲሁ ያምን ነበር፤ አያቴም እንዲሁ። ፈረሶቹ ምን ያምኑ እንደነበር የጠየቀ ግን አልነበረም።

እትዬ የመጡት በብስክሌት ነው። ከብስክሌቱ ላይ ባለሦስት እግር በርጩማ፣ የተማሪ ደብተር እና አንገት ላይ የሚንጠለጠል የሩጫ ሰዓት አወረዱ። ሃምሳ ሁለት ዓመታቸው ነበር፤ ቀጭን፣ ትልልቅ ቦት ጫማ ያደረጉ። የትምህርት ቤቱ ባለቤት፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው፣ ሰብስበውን "እትዬ የእንስሳት ባህርይ ያጠኑ ናቸው፤ በዓመት ውስጥ ሦስት ተማሪ ወድቆብናል፣ አንድ ሠራተኛ ተነክሷል፤ እስቲ ፈረሶቹን ይዩልን" አሉ። እኔ በሪዜ ሥር ፈገግ አልኩ። ፈረስ የሚታየው በጀርባው ላይ ሆኖ ነው እንጂ በደብተር ነው እንዴ?

ሦስት ቀን ሙሉ አንድም ፈረስ አልነኩም። በርጩማቸውን ጋጣው ፊት ለፊት ዘርግተው ይቀመጣሉ፤ ያያሉ፤ ይጽፋሉ። በሦስተኛው ቀን አልቻልኩም።

"እትዬ፣ ፈረሱ እስኪያናግርዎ ነው የሚጠብቁት?"

"እሱማ ከጠዋት ጀምሮ እያናገረኝ ነው" አሉ ቀና ሳይሉ፤ "እኔ ነኝ ጽሕፈት የማልፈጥነው።"

ሠራተኞቹ ሳቁ። የሳቁት በማን እንደሆነ ግን ለማጣራት አልፈለግሁም።

ከፈረሶቹ መሐል ከበሮ የምንለው ሰንጋ ፈረስ ነበር። ጠዋት ጠዋት የጋጣውን በር በሰኮናው እየደበደበ ሰፈር ይቀሰቅሳል። በሩን ሁለቴ አስጠግነናል። ለእትዬ "ይኼ ተፈጥሮው ነው፤ ከእናቱ ማሕፀን ሲወጣም ሳይራገጥ አልቀረም" አልኳቸው።

"በሩን ከመምታቱ በፊትስ?"

"ምንም። ቆሞ ነው የሚጠብቀው።"

"ከመታ በኋላስ?"

"ዝም እንዲል ከሁሉም አስቀድሜ ገብሱን እሰጠዋለሁ።"

እትዬ ብዕራቸውን አስቀመጡ። "እንግዲያው አስተማሪውን አገኘነው" አሉ።

የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ ሲባል ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቻለሁ፤ ጦጣዋን ያስለመዳት ማን እንደሆነ ግን ተረቱ አይናገርም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከበሮ አራት እግሩን መሬት ላይ አድርጎ ሲቆም ብቻ ገብስ ይሰጠው ጀመር። መጀመሪያ ባሰበት፤ ለአምስት ቀን በሩን ሊገነጥለው ደረሰ። እኔም "አላልኩም?" እያልኩ ዞርኩ። በስድስተኛው ቀን ጠዋት ዝምታው ስለከበደኝ የሞተ መስሎኝ ሮጬ ሄድኩ። ከበሮ ዘብ እንደቆመ ወታደር ቀጥ ብሎ ይጠብቀኝ ነበር።

ክፋቱ፣ እትዬ ይህን ጥያቄያቸውን ጋጣ ውስጥ ብቻ አለመተዋቸው ነው። ዘበኛው "ልጄ አልታዘዝ አለኝ" ሲል "ከዚያ በፊትስ?" ይሉታል፤ ዘበኛው በሩ ላይ ተደግፎ ሲያስብ ይውላል። አንድ ጠዋት ፊቴን ከስክሼ ገባሁና "ሚስቴ አኮረፈችኝ" አልኳቸው። ጠየቁኝ። ምሳዬን ትቼ ወደ ቤት ተመልሼ ይቅርታ ጠየቅሁ። እንግዲህ ከእንዲህ ያለ ሰው ጋር እንዴት ይዋላል?

አሁን ወደ ቦራ ልምጣ።

ቦራ ዳማ ባዝራ ናት፤ ግንባሯ ላይ ነጭ ስላለ ነው ስሟ። እናቷ ስትወልዳት ተቀብዬ የያዝኳት እኔ ነኝ። ጨርቅ ፍለጋ መሄድ አስፈርቶኝ በገዛ ሸሚዜ ነው ያደረቅኋት። እኔና ባለቤቴ ያኔ ልጅ አልነበረንም፤ እና የሰው አፍ ፈርቼ አላወራውም እንጂ ያቺን ውርንጭላ እንዴት እንደምወዳት እኔ ነኝ የማውቀው። ስድስት ዓመት ሲሆናት ግን ኮርቻ አሻፈረኝ አለች። ከሆዷ ሥር የሚታሰረው ጠፍር ሊጠብቅ ሲል በሁለት እግሯ ትቆማለች፣ ጥርሷን ታሳያለች። እኔን ሁለቴ ጣለችኝ፤ ሠራተኛውን ትከሻው ላይ የነከሰችውም እሷ ናት። እኔም አለንጋዬን አነሳሁ። ባሰባት።

ጋሼ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ የሰው ልጆች በአደራ የተሰጧቸው ሰው ግን ነበሩ። "አንድ ወር ተኩል" አሉኝ። "ካልሆነ ባለጋሪው ይወስዳታል።" ባለጋሪው ጡብ የሚያመላልስ ሰው ነው። የእሱ ፈረሶች በሁለት ዓመት ውስጥ ሲያልቁ እናያለን፤ አጥራችንን አልፈው ሽቅብ ሲጎትቱ አንገታቸውን ሰብረው ነው።

ኩራቴን ዋጥ አድርጌ በርጩማው አጠገብ ቆምኩ።

"እትዬ፣ ቦራ አመል አወጣች።"

"ከዚያ በፊትስ?"

"ከዚያ በፊት እንደ በግ ነበረች።"

"ከበግነቷ በኋላ፣ ከአመሏ በፊትስ?"

ያን የሚመልስልን ሐኪም ነው ብለው የእንስሳት ሐኪም አስጠሩ። ሐኪሙ ጋማዋ የሚያልቅበት ቦታ ላይ ጠጉር የሸፈነው የዳነ ገጣባ አገኘ። ኮርቻው ጠባብ ሆኖባት ለወራት ሲቆነጥጣት ኖሯል። "የታመመ ሰው ሲጮህ አመለኛ አንለውም" አሉ እትዬ፤ ያን ኮርቻም አስጥለው በልኳ ሌላ አስመጡላት። እኔ አለቀ ብዬ ነበር። ቦራ ግን አዲሱንም ኮርቻ እንደ ድሮው በሁለት እግሯ ተቀበለችው።

እትዬ በርጩማቸውን ቦራ ፊት ለፊት አዛውረው አራት ቀን ተቀመጡ። በአምስተኛው ቀን ጠሩኝ። "እስቲ ከግድግዳው ጀርባ ቁም፤ እንዳታይህ። ሥራ ስትጀምር እንደምታደርገው ጉሮሮህን ጥረግ።"

ጉሮሮዬን የሚያውቅ ያውቀዋል። ከባድ ነገር ከመሥራቴ ወይም ከመናገሬ በፊት "እህ!" ማለት ልማዴ ነው። ሚስቴን ለጋብቻ ስጠይቅ "እህ!" ብያለሁ። ከግድግዳው ጀርባ ሆኜ እየሳቅሁ "እህ!" አልኩና አንገቴን ብቅ አደረግሁ።

ቦራ ጆሮዋን ወደ ኋላ አስተኝታ፣ ሆዷን ሰብስባ፣ ዓይኗን አፍጥጣ ቆማለች። ኮርቻ የለም። ጠፍር የለም። አለንጋ የለም። የእኔ ጉሮሮ ብቻ ነው ያለው።

ስድስት ወር ሙሉ "እህ!" ባልኩ ቁጥር ተከትሎ የሚመጣላት ሕመም ነበር። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም የሚባለው ለሰው ብቻ የሚመስለው ካለ ያን ቀን ቢያያት ኖሮ። ሳቄ ጉሮሮዬ ላይ ቀረ። በሸሚዜ ያደረቅኋት ልጅ ድምፄን ስትሰማ ትንቀጠቀጥ ነበር።

"ጥፋቱ የእኔ ነዋ" አልኩ።

"ጥፋተኛ አልፈለግንም" አሉ እትዬ። "ምክንያት ነበር የፈለግነው፤ አገኘነው። አሁን አንድ ኪሎ ካሮት ግዛ።"

ሥራችን ለሚያየው ሰው የጤና አይመስልም ነበር። ከሩቅ ቆሜ "እህ!" እላለሁ፤ ወዲያው ቁራጭ ካሮት እሰጣታለሁ። "እህ!"፣ ካሮት። "እህ!"፣ ካሮት። ዘበኛው ለሠራተኞቹ "አለቃችሁን የሳንባ ሐኪም ይየው" አላቸው። በሳምንቱ ቦራ "እህ!" ስትሰማ ጆሮዋን ወደ ፊት ቀስራ ኪሴን ትፈልግ ጀመር።

ቀጥሎ እትዬ ሰማያዊ የባልዲ ክዳን አጥሩ ላይ ሰቀሉ፤ ቦራ በአፍንጫዋ በነካችው ቁጥር ካሮት ታገኛለች። ቦራ አፍንጫዋን ክዳኑ ላይ ስታደርግ ኮርቻውን እናስጠጋለን። አፍንጫዋን ካነሳች ያለ አንዳች ክርክር እናቆማለን።

"እትዬ፣ ከመቼ ወዲህ ነው ፈረስ ፈቃድ የሚጠየቀው?"

"ጀርባው የማን ነው፣ ባልደራስ?" አሉኝ። ባልደራስ የሚሉኝ ሊያሾፉብኝ ሲፈልጉ ነው፤ የቤተ መንግሥት ፈረሶች ሹም አስመስለው።

ያኔ እትዬ ጠባያቸው የሚለዋወጥ ሰው ናቸው ብዬ ደምድሜ ነበር። ከድርቆሽ መጋዘኑ ጥግ ሻይ የሚያፈሉባት ትንሽ ምድጃ አለቻቸው። አንዳንድ ቀን ስገባ ደብተራቸው ላይ እንዳቀረቀሩ ናቸው፤ ቀና ብለውም አያዩኝ። ሌላ ቀን ደግሞ "ና ባልደራስ፣ ሻይ ደርሷል፤ ሁለት ማንኪያ ስኳር አድርጌልሃለሁ፤ እስቲ ያንን የአያትህን ፈረስ ታሪክ ድገምልኝ" ይላሉ። የአያቴን ፈረስ ታሪክ ሁለት ጊዜ መስማት የሚፈልግ ሰው በዘመኔ አላጋጠመኝም። ምንም አልጠረጠርኩም።

በሃያ ስድስተኛው ቀን እትዬ የብስክሌታቸውን ጎማ ሊያስጠግኑ ወጡ። ጋሼ መጥተው "ስንት ቀን ቀረ?" ብለው ሄዱ። እኔ ጠፍሩን ይዤ ነበር። ቦራ አፍንጫዋን ከክዳኑ ላይ አነሳች። አየሁ፤ አይቼም አላየሁም አልኩና ጠፍሩን ሁለት ቀዳዳ በአንዴ ሳብኩት። በሁለት እግሯ ቆመች፣ ገመዷን በጠሰች፣ ጥግ ገብታ በላብ ተጠምቃ ትንቀጠቀጥ ጀመር። የሃያ ስድስት ቀን ልፋት በአንድ እጄ ናድኩት።

እትዬ ሲመለሱ ሁሉንም ነገርኳቸው። ቢሰድቡኝ ይቀለኝ ነበር።

"ከዚያ በፊትስ?" አሉ።

"ጋሼ መጥተው ነበር።"

"ጠፍሩን ከመሳብህ በፊትስ? አንተ ምን ሆንክ?"

"ፈራሁ።"

"ምኑን?"

"ባለጋሪውን" አልኩ። ለማንም ተናግሬው አላውቅም ነበር።

እትዬ ጻፉ። ደብተሩን ሲዘጉ "ጥሩ። እንግዲህ የፈራችሁት ሁለት ናችሁ፤ ለሁለታችሁም ቀስ እንላለን" አሉ። በማግስቱ ከመጀመሪያው ቁራጭ ካሮት ጀመርን።

ቀኑ ደረሰ። ጋሼ ቆመዋል፤ ባለጋሪው ገመዱን ክንዱ ላይ ጠምጥሞ ከአጥሩ ውጭ ቆሟል። ኮርቻውን ይዤ ገባሁ። ጉሮሮዬ ግን እንደ ድርቆሽ ደርቋል። እትዬ ከበርጩማቸው ሆነው "ልማድህን አትቀንስባት" አሉ።

"እህ!" አልኩ።

ቦራ ጆሮዋን ወደ ፊት ቀሰረች፤ በራሷ እግር ሄዳ አፍንጫዋን ሰማያዊው ክዳን ላይ አደረገች። ኮርቻውን ጫንኩ፤ ጠፍሩን አንድ ቀዳዳ፣ ካሮት፣ ሌላ ቀዳዳ፣ ካሮት። አፍንጫዋ አልተነሳም። ወጣሁባትና ግቢውን ሁለት ጊዜ በሶምሶማ ዞርን። ባለጋሪው ገመዱን ይዞ ሄደ። የሄደበትን መንገድ እስኪጨርስ ከጀርባዋ አልወረድኩም፤ ዕንባዬን የሚያየው ሰው እንዳይኖር።

"ምን ቢያደርጓት ነው?" አሉ ጋሼ።

"እሷን እንኳ ብዙም አላደረግኋት" አሉ እትዬ።

ይህች መልስ የገባችኝ ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። እትዬ ደብተራቸውን በርጩማው ላይ ረስተው ዝናብ ጀመረና ላነሳው ስል አንድ ገጽ ተገለጠ። እንዲህ ይላል፤ "ባልደራሱ። አለንጋ ይዞ ሲመጣ፦ ዝም ማለት። አለንጋውን ምስማር ላይ ሰቅሎ ሲመጣ፦ ሻይ፣ ስኳር ሁለት፣ የአያቱ ፈረስ። አንደኛ ሳምንት፦ በቀን አሥራ አንድ ጊዜ ይዟል። ሦስተኛ ሳምንት፦ አራት። አምስተኛ ሳምንት፦ ዜሮ። ማሳሰቢያ፦ ልቡ ጥሩ ነው። እንዳይነገረው።"

ቀና ብዬ ምስማሩን አየሁ። አለንጋው ላይ ሸረሪት ድር አድርታበታለች። መቼ እንደተውኩት አላስታውስም።

ደብተሩን እያውለበለብኩ ሄድኩ። "እትዬ! ፈረስ መሰልኩዎት?"

"ኧረ በፍጹም" አሉ። "ፈረስ ብትሆን በሳምንት ያልቅ ነበር።"

ዓመታት ነጎዱ። እትዬ ጡረታ ወጡ። ጋሼ አረፉ፣ ትምህርት ቤቱ ተዘጋ፣ ግቢው ላይ ፎቅ ተሠራ። እኔ ወሬዬን መጻፍ ጀመርኩ፤ ቦራን ግን ለማንም አልሰጠሁም። የባለቤቴ ወንድም መስክ ላይ ነበረች፤ በየሳምንቱ "እህ!" እያልኩ እሄድላታለሁ። ባለፈው ወር ሞተች። ሃያ ስምንት ዓመቷ ነበር።

እንዲህ ያለ ነገር በስልክ አይነገርም፤ እትዬ ቤት ሄድኩ። ሰባ አራት ዓመት ሆኗቸዋል። በሩን የከፈተችልኝ ልጃቸው "እማዬ አሁን ዓይኗ አያይም፤ ስምህን ንገራት" አለችኝ። መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠዋል፤ በርጩማዋ እግራቸው ሥር አለች። በመንገድ ላይ ሳጠናው የመጣሁት ቀልድ ነበር፤ መጀመሪያ ላስቃቸው፣ ከዚያ ቀስ ብዬ ልነግራቸው። አፌን ከመክፈቴ በፊት ግን ያ ልማዴ ቀደመኝ።

"እህ!"

ሬዲዮውን ሊያጠፉ የዘረጉት እጃቸው አየር ላይ ቆመ። ፊታቸው ላይ አንድ ቀን ከግድግዳ ጀርባ ብቅ ብዬ ያየሁትን ዓይነት ነገር አየሁ።

"ቦራ ናት?" አሉ።

"አዎ፣ እትዬ።"

አይዞህ አላሉኝም። ሬዲዮውን አጠፉ፤ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አሳረፉ።

"ከዚያ በፊትስ?"

"ከዚያ በፊት ፀሐይ ላይ ተኝታ ነበር። ጭንቅላቷ እግሬ ላይ ነበር።"

"ከዚያ በፊትስ?"

"ጠዋት ካሮት ሰጠኋት፤ ግማሹን በልታ ግማሹን ሸሚዜ ላይ ተፋችው።"

ሳቁ። "ከዚያ በፊትስ?"

ያ መስክ፤ በእሷ ጀርባ ላይ ፍርሃታቸውን የተዉ ልጆች፤ ሰማያዊው ክዳን፤ ገመዱን ይዞ የሄደው ባለጋሪ። እሳቸው ይጠይቃሉ፣ እኔ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ እመለሳለሁ። ልጃቸው በሩ ላይ ቆማ ትሰማናለች። በመጨረሻ እርጥብ ውርንጭላ በሸሚዜ ጠቅልዬ ያቀፍኩበት ጠዋት ላይ ደረስን።

"ከዚያ በፊትስ?" አሉ እትዬ፣ ድምፃቸው ዝግ ብሎ።

"ከዚያ በፊትማ አልነበረችም፣ እትዬ።"

እትዬ ዕንባቸውን በመዳፋቸው ጠረጉ፤ ከዚያ ያንኑ መዳፍ ዘርግተው ያዙልኝ።

"'እህ!' ካልክ በኋላ ምን ነበር የሚመጣው?"

እጄን ኪሴ ከተትኩ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ካሮት ያልጠፋበት ኪስ ነው፤ ያን ቀንም አልጠፋም። ለሁለት ሰብሬ ግማሹን መዳፋቸው ላይ አደረግሁ። እትዬ አንዴ ገመጡና ወደ በሩ ዞሩ።

"ልጄ፣ ለባልደራስ ሻይ አምጪለት። ስኳሩን ሁለት ማንኪያ አድርጊለት።"